የሚጠባ ልጅ ያላት ሰማዕት

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንክሳር ሲነበብ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የሴት ሰማዕታት ታሪክ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይመስለኛል። ሴቷ ድንግል ናት፤ በጣም ቆንጆ ናት፤ ንጉሡ ሊያገባት ይፈልጋል፤ እምቢ ስትል ያስገድላታል። እኔ ባለትዳር ነኝ፤ የአሥር ወር ልጅ አጠባለሁ። እንደኔ ዓይነት ሴቶች በመጀመሪያዎቹ ቅዱሳን መካከል አልነበሩም? ከነበሩስ ልጃቸውን ትተው ለመሄድ እንዴት አስቻላቸው? ልባቸው ደንድኖ ነው? ደግሞስ ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ በእርግጥ የተፈጸመ መሆኑ የሚታወቀው የቱ ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ሦስት ጥያቄ ነው። ሦስቱንም ግን በአንዲት ሴት ታሪክ መመለስ ይቻላል። ስሟ ፐርፔቱዋ ይባላል። እኛ ዘንድ ስሟ እንደ አርሴማ ወይም እንደ ኢየሉጣ አይጠራም። በእሷ የምጀምረው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ከሌሎቹ የሚለያት ትልቅ ነገር አለ፤ እስር ቤት ሆና የደረሰባትን በራሷ እጅ ጽፋለች። የምታጠባ እናትም ነበረች።

ቦታው ካርቴጅ ነው፤ ዛሬ ቱኒስ ከተማ ዳርቻ ላይ። ጊዜው 203 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሮም ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ነው፤ እሱ ራሱ ከዛሬዋ ሊቢያ የወጣ የሰሜን አፍሪካ ሰው ነበር። ፐርፔቱዋ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ከደህና ቤተሰብ የተወለደች፣ ጥሩ ትምህርት ያገኘች፣ በወግ የተዳረች ናት። እናት አባቷ በሕይወት አሉ፤ ሁለት ወንድሞች አሏት፤ ጡት ያልጣለ ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ስለ ባሏ ግን ጽሑፉ ትንፍሽ አይልም። የታሪክ ሰዎች በዚህ ላይ ብዙ ቀለም ጨርሰዋል፤ እኔ አልገባበትም።

አብረዋት የተያዙት አራት ወጣቶች ናቸው፤ ሬቮካቱስ፣ ፌሊሲታስ፣ ሳቱርኒኖስና ሴኩንዱሉስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባሮች ናቸው። ሁሉም ንዑሰ ክርስቲያን ነበሩ፤ ገና በመማር ላይ ያሉ፣ ያልተጠመቁ ማለት ነው። መምህራቸው ሳቱሩስ ሲያዙ አብሯቸው አልነበረም። በኋላ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ።

ጽሑፉ ሦስት እጅ አለበት። መግቢያውንና የሞታቸውን ትረካ የጻፈው ስሙን ያልነገረን ሌላ ሰው ነው። ሳቱሩስም ያየውን ራእይ በራሱ አንደበት ይተርካል። ከምዕራፍ ሦስት እስከ ዐሥር ያለው ግን የእሷ ነው፤ አዘጋጁም «በእጇ ጽፋ እንደተወችው» ይላል። ይህን የሚጠራጠሩ ጥቂት ምሁራን አሉ። እኔ ከአብዛኞቹ ጋር ነኝ። ቋንቋው ከአዘጋጁ ቋንቋ ይለያል፤ አጭርና ቀጥተኛ ነው። ደግሞ ሰው ስለ ሌላ ሰው ገድል ሲጽፍ የማያስባቸው ነገሮች አሉበት። ስለ ጡቷ የጻፈችው አንዱ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ታሪኳን የምትጀምረው ከአባቷ ጋር በተጨቃጨቀችበት ቀን ነው። አባትዬው ክርስቲያን አይደለም። በጣም ይወዳታል፤ ከወንድሞቿ ሁሉ አስበልጦ ያሳደጋት ልጁ ናት። ሐሳቧን እንድትቀይር ይለማመጣታል። እሷም እዚያ የነበረ ዕቃ ታሳየዋለች። «አባዬ፣ ይህን ማሰሮ ታየዋለህ?» «አያለሁ።» «ታዲያ ከማሰሮ ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል?» «አይችልም።» «እንግዲህ እኔም ከሆንኩት ሌላ ነኝ ማለት አልችልም፤ ክርስቲያን ነኝ።» አባትዬው ዓይኗን ሊያወጣ የፈለገ ይመስል ተወረወረባት። ከዚያ ግን ትቷት ሄደ። እሷም ለጥቂት ቀናት ባለመምጣቱ እግዚአብሔርን እንዳመሰገነች ሳትደብቅ ትጽፋለች። ከወላጅ ጋር የተጋጨ ሰው ይህን እፎይታ ያውቀዋል።

በእነዚያ ቀናት ውስጥ ተጠመቀች። ከውሃው ስትወጣ ምን እንድትለምን መንፈስ እንደነገራት ትጽፋለች፤ የሥጋን መታገሥ ብቻ። እንድትፈታ አልጸለየችም። ጠላቶቿ እንዲጠፉም አልጸለየችም። ሰውነቴ ይቻለው ነው ያለችው።

ከዚያ ወደ ወህኒ ወረዱ። «ፈራሁ» ትላለች፤ እንዲህ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅምና። ሰው ታጭቋል፤ ሙቀቱ አይቻልም፤ ወታደሮቹ ገንዘብ አምጡ እያሉ ያስጨንቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን የሚያንገበግባት የልጇ ነገር ነው። ተርቲዩስና ፖምፖንዩስ የሚባሉ ሁለት ዲያቆናት ነበሩ፤ እስረኞቹን የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ለጠባቂዎቹ ገንዘብ ከፍለው በቀን ጥቂት ሰዓት ወደተሻለ ክፍል እንዲወጡ አደረጉ። (አዎ፣ ጉቦ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንዲህ ያለውንም ይጨምራል።) ፐርፔቱዋ እዚያ ቁጭ ብላ በረሃብ የዛለውን ልጇን አጠባች። እናቷን አጽናናች። ልጁን አደራ ሰጠች። ለብዙ ቀን በዚህ ጭንቀት ቆይታ በመጨረሻ ሕፃኑ አብሯት እንዲሆን ተፈቀደላት። ወዲያው ተሻላት። «እስር ቤቱ በድንገት ቤተ መንግሥት ሆነልኝ፤ ከሌላ ቦታ ሁሉ እዚያ መሆንን መረጥሁ» ትላለች።

እህቴ፣ ልባቸው ደንድኖ ነው ወይ ላልሽው የመጀመሪያው መልስ ይኸው። ጨለማውን ቤተ መንግሥት ያደረገላት በዚያ ሰዓት መልአክ ወርዶ አይደለም፤ ልጇ እቅፏ ስለገባ ነው።

ወንድሟ «ምን እንደሚገጥምሽ እንዲያሳይሽ ጌታን ጠይቂው» አላት። ጠየቀችው፤ በሌሊትም አየች። እስከ ሰማይ የሚደርስ የነሐስ መሰላል ቆሟል። ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያስወጣል። ግራና ቀኙ ሰይፍ፣ ጦርና ሜንጦ ተሰክቶበታል። እግሩ ሥር ዘንዶ ተኝቷል። ሳቱሩስ ቀድሞ ወጣ። እሷም የዘንዶውን ራስ እንደ መጀመሪያ ደረጃ ረግጣ ወጣች። ከላይ ሰፊ የአትክልት ቦታ አለ። መካከሉ ላይ የእረኛ ልብስ የለበሱ ሽበታም ሽማግሌ በጎች ያልባሉ። ዙሪያቸውን ነጭ የለበሱ ብዙ ሺህ ሰዎች ቆመዋል። ሽማግሌው ቀና ብለው «ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አሏት። ከሚያልቡት ላይ ቁራሽ አይብ ሰጧት። እጆቿን አጣምራ ተቀብላ በላች። የቆሙት ሁሉ «አሜን» አሉ። በዚያ ድምፅ ስትነቃ የጣፈጠ ነገር ገና እያኘከች ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሴትየዋ የምታጠባ እናት ናት፤ በሰማይ የምታየውም ወተት ነው። እጅ አጣምሮ መቀበሉና «አሜን» ማለቱ ደግሞ የቁርባን ሥርዓት መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የእሷ እምነት ከመጽሐፍ የተጠና ብቻ አልነበረም። ከዕለት ኑሮዋ፣ ከሰውነቷና ከጸሎት ቤቷ ተሠርቶ በሕልሟ የሚመጣ ነበር። ስትነቃ ለወንድሟ ነገረችው። ሁለቱም መከራው እንደማይቀር ገባቸው።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ በሐዘን ጠውልጎ ተመለሰ። ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። በእኛ ወግ የአባቷን ጉልበት የምትስመው ልጅ ናት። እዚህ ግን ሽማግሌው አባት የልጁን እጅ ይስማል። እግሯ ላይ ይወድቃል። ልጄ ማለቱን ትቶ «እመቤቴ» ይላታል። «ሽበቴን እዪው። ወንድሞችሽን እዪ፤ እናትሽንና አክስትሽን እዪ፤ ካላንቺ መኖር የማይችለውን ልጅሽን እዪ» ይላል። በሮም ሕግ አባት በልጁ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንደነበረው ለሚያውቅ ሰው ይህ ልመና ዓለም የተገለበጠበት ነው። እሷም «እግዚአብሔር የፈቀደው ይሆናል፤ በራሳችን እጅ ሳይሆን በእሱ እጅ ነን» ብላ ሸኘችው። ከዘመዶቼ ሁሉ በመከራዬ የማይደሰት እሱ ብቻ በመሆኑ አዘንኩለት ትላለች። አባቷን እንደ ክፉ ሰው አንድም ቦታ አልሣለችውም።

ፍርዱ በአደባባይ ነበር። አገረ ገዢው ሞቶ ስለነበር በእሱ ቦታ የሚፈርደው ሂላሪያኖስ የሚባል ሹም ነው። ተራዋ ሲደርስ አባቷ ሕፃኑን ታቅፎ ብቅ አለና ከደረጃው ጎተታት። «ሠዊ፤ ለልጅሽ እዘኚለት» አላት። ሹሙም እንዲሁ አለ፤ «ለአባትሽ ሽበት እዘኚ፤ ለልጅሽ ሕፃንነት እዘኚ። ለነገሥታቱ ደኅንነት ሠዊ።» «አላደርገውም» አለች። «ክርስቲያን ነሽ?» «ክርስቲያን ነኝ።» በቃ። አባቷ ሊያስጥላት ሲታገል ሹሙ አስወረወረውና በበትር አስመታው። እኔ የተመታሁ ያህል ተሰማኝ ትላለች። ከዚያም በሕዝብ ትርዒት ላይ ለአራዊት እንዲጣሉ ተፈረደባቸው።

አሁን ወደ ጡቷ ነገር። ወደ እስር ቤት እንደተመለሱ ዲያቆኑን ፖምፖንዩስን ልጁን እንዲያመጣላት ወደ አባቷ ላከችው። አባትዬው አልሰጥም አለ። ፐርፔቱዋም ይህን ጻፈች፦ እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ ልጁ ከዚያ በኋላ ጡት አልፈለገም፤ ጡቴም አላመረቀዘም፤ በልጁ ጭንቀትና በጡቴ ሕመም እንዳልሠቃይ። ይህን ዓረፍተ ነገር አንቺ ከእኔ በተሻለ ታነቢዋለሽ። ጡት መስጠት በድንገት የተቋረጠባት ሴት ምን እንደሚደርስባት ታውቂያለሽና። ወተቱ ያጋታል፤ ያተኩሳል። እሷ እንደ ተአምር የቆጠረችው ይህ አለመሆኑን ነው። በጽሑፏ ውስጥ አንበሳ አይሰግድላትም፤ እሳትም አይበርድላትም። ተአምሯ ልጇ ያለሷ መብላት መቻሉና ጡቷ አለመታመሙ ነው። ይህን ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው አይታየኝም።

ከፍርዱ በኋላ ስትጸልይ ሳታስበው የሞተ ወንድሟ ስም ከአፏ ወጣ። ዲኖክራጥስ ይባላል፤ በሰባት ዓመቱ ፊቱ ላይ በወጣ ክፉ ቁስል የሞተ ነው። ሌሊት አየችው። ከጨለማ ቦታ ወጣ፤ ተጠምቷል፤ ቁስሉ አሁንም ፊቱ ላይ ነው። አጠገቡ ውሃ የሞላ ገንዳ አለ፤ ግን ጠርዙ ከቁመቱ ይበልጣል፤ እየተንጠራራ አልደርስበት አለ። ቀንና ሌሊት እያለቀሰች ጸለየችለት። ከቀናት በኋላ ደግሞ አየችው። ንጹሕ ልብስ ለብሷል፤ ቁስሉ ድኖ ጠባሳ ሆኗል፤ የገንዳው ጠርዝ እስከ እንብርቱ ዝቅ ብሎለታል። ጠጥቶ ሲጠግብ እንደ ልጅ ሊጫወት ሮጠ። ፍትሐትና ተዝካር ባለበት ቤተ ክርስቲያን ላደገ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንም። ለሙታን መጸለይ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ከሚያሳዩት የመጀመሪያ ምስክሮች አንዱ ይህ ነው። የጻፈችው ደግሞ ከተጠመቀች ገና ሳምንታት የሆናት ወጣት ናት። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ አውግስጢኖስ በዚሁ ሰሜን አፍሪካ ስለዚህ ራእይ ሲከራከሩ ጽሑፉ የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል አለመሆኑን ማስታወስ ነበረባቸው። ሕዝቡ ምን ያህል ይወደው እንደነበር ከዚህ ይገባሻል።

በመጨረሻው ራእይዋ ወደ ሜዳው ትገባለች፤ ከአንድ አስፈሪ ግብፃዊ ጋር ልትታገል። ልብሷን ሲያወልቋት «ወንድ ሆንኩ» ትላለች። ስለዚህ አንድ ቃል ብዙ ተጽፏል። እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን ራቁቱን ተቀብቶ የሚታገል ወንድ ብቻ ስለሆነ ሕልሙም በዚያው መልክ መጣ። አጫዋቹ ግን በዚያው ሕልም ውስጥ «እሷ» ነው የሚላት፤ ስታሸንፍም «ልጄ ሆይ፣ ሰላም ለአንቺ» ይላታል። ጽሑፏን እዚያ ላይ አቆመች፤ በትርዒቱ ቀን የሚሆነውን የፈለገ ይጻፈው ብላ።

ፌሊሲታስን እንዳልዘላት። ባሪያ ናት፤ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር። በሮም ሕግ ነፍሰ ጡር አትገደልም። ስለዚህ ጓደኞቿ ሞተው እሷ ብቻዋን ከወንጀለኞች ጋር በሌላ ቀን እንዳትወጣ ፈራች። ከትርዒቱ በፊት ሁሉም አብረው ጸለዩላት፤ ምጧ መጣ። የስምንት ወር ምጥ ነውና ከባድ ነበር። ስትጮህ አንድ ጠባቂ አፌዘባት፤ «አሁን እንዲህ የምታለቅሺ፣ ለአራዊት ስትጣይ ምን ልትሆኚ ነው?» እሷም «አሁን የሚሠቃየው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ስለ እኔ የሚሠቃይ ሌላ በውስጤ ይኖራል፤ እኔም ስለ እሱ እሠቃያለሁና» አለችው። የምጥ ጩኸቷን ማንም አልደበቀውም። ሴት ልጅ ወለደች፤ አንዲት እህት ወስዳ አሳደገቻት።

ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 7 ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የጌታ (ይህ የልዑሉ ስም ነው) የልደት በዓል። በር ላይ ወንዶቹን ሳቱርን የሚባለውን ጣዖት ካህናት ልብስ፣ ሴቶቹን ሴሬስ የምትባለውን ጣዖት አገልጋዮች ልብስ ሊያለብሷቸው ፈለጉ። ፐርፔቱዋ አሻፈረኝ አለች። «እዚህ የደረስነው ይህን ላለማድረግ ነው፤ ነፍሳችንን የሰጠነውም ለዚህ ነው» ስትላቸው መኮንኑ ተዋቸው። ለሴቶቹ የተዘጋጀችው የተቆጣች ላም ነበረች። ልብሳቸውን ገፈው በመረብ አስገቧቸው። ሕዝቡ ግን ዘገነነው። አንዷ ለጋ ወጣት ናት፤ ሌላዋ በቅርብ ወልዳ ጡቷ ወተት ያንጠባጥባል። መልሰው ቀሚስ አለበሷቸው። ላሟ ፐርፔቱዋን ወርውራ ጣለቻት። ተነሥታ ቁጭ አለችና የተቀደደ ቀሚሷን ጭኗ ላይ ሳበች። ከዚያ የፀጉር መርፌዋን ፈልጋ ፀጉሯን ያዘች፤ ፀጉሯን የፈታች ሴት ሐዘንተኛ ትመስላለችና። ወድቃ የነበረችውን ፌሊሲታስን እጇን ይዛ አነሣቻት። እመቤትና ባሪያ ጎን ለጎን ቆሙ። በመጨረሻ ሁሉም ተሳስመው ሰይፉን ተቀበሉ። የእሷ ገዳይ ጀማሪ ግላዲያተር ነበር፤ መጀመሪያ አጥንት መታ፤ ጮኸች። ከዚያ የሚንቀጠቀጥ እጁን ራሷ ይዛ ወደ ጉሮሮዋ መራችው።

ሁለቱ ሴቶች እስከዛሬ በሮም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ውስጥ በስም ይጠራሉ። ልደቱ የተከበረለት ልዑል ግን ከስምንት ዓመት በኋላ በወንድሙ በካራካላ ተገድሎ ስሙ ከየሐውልቱ ተፋቀ።

አሁን ገድሎቹ ለምን ይመሳሰላሉ ወዳልሽው ልምጣ። ትክክል ነሽ፤ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያዎቹን ምስክሮች ስታዪ ግን ድንግሊቱና ክፉው ንጉሥ ገና አልመጡም። በ112 ገደማ የቢቲንያ (በዛሬዋ ቱርክ) ገዢ ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን ሲጽፍ፣ ክርስቲያኖቹ «አገልጋዮች» የሚሏቸውን ሁለት ባሪያ ሴቶች እያሠቃየሁ መረመርሁ ይላል። ስማቸውን እንኳ አልጻፈውም። በ177 በዛሬዋ ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የሞተችው ብላንዲናም ባሪያ ነበረች። አሳዳሪዋ ራሷ እስረኛ ሆና «ይህች ደካማ ሰውነቷ አይችልም» ብላ ስትሰጋ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እየተፈራረቁ ያሠቃዩዋት ሰዎች ደክሟቸው ተዉ። ይህን የምናውቀው ከሞት የተረፉት ክርስቲያኖች ከጻፉት ደብዳቤ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ በመጽሐፉ ውስጥ አቆይቶልናል። ካርቴጅ ውስጥም በ180 ዶናታ የምትባል ሴት «ለቄሣር እንደ ቄሣርነቱ ክብር፤ ፍርሃት ግን ለእግዚአብሔር» ብላ አጭር ቃሏን ሰጥታ ሞታለች። እነዚህ የችሎትና የደብዳቤ ጽሑፎች ናቸው፤ ደረቅ ናቸው፤ ጌጥ የላቸውም።

ቆየት ብሎ ስደቱ ሲያልፍ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ መጣ። በዓል ሲከበር በሕዝብ ፊት የሚነበብ፣ የሚያስለቅስና የሚያጽናና። የአርሴማን ታሪክ በሰፊው የሚተርከው የአርመን መጽሐፍ የተጻፈው ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ይህ ማለት አርሴማ አልነበረችም ማለት አይደለም። አርመን አገር በመቃብሯ ላይ በ618 የታነጸው ቤተ ክርስቲያን እስከዛሬ ቆሟል። ነገር ግን ገድል ጸሐፊው ሊነግርሽ የሚፈልገው ስለ ጡት ማጋት አይደለም። የቅድስናዋን ክብር ነው ሊያሳይሽ የሚፈልገው፤ ለዚያም ሕዝቡ የለመደውን መልክ ይጠቀማል። ድንግልና በምንኩስና ዘመን ከፍ ያለ ክብር ስላገኘ ድንግሊቱ የሰማዕታት ሁሉ አርአያ ሆነች። እናቶቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ይህ ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፉም። ሐምሌ 19 ቀን የማንን በዓል እናከብራለን? የኢየሉጣንና የሦስት ዓመት ልጇን የቂርቆስን። በእኛ ትረካ የፈላው ብረት ጋን እንደ ነጎድጓድ ሲጮህ የፈራችው እናቲቱ ናት፤ ያበረታታት ሕፃኑ ነው። ቅዱስ ገብርኤል ወርዶ እሳቱን አበረደው። በግሪኩና በላቲኑ ትረካ ደግሞ ሕፃኑ ክርስቲያን ነኝ ሲል መኮንኑ ደረጃ ላይ ወርውሮ ይገድለዋል፤ እናቱም ልጇ ቀድሟት አክሊል ስላገኘ ታመሰግናለች። ሁለቱም ትረካዎች አንቺ የጠየቅሽውን ጥያቄ እየመለሱ ይመስለኛል። እናት ልጇን ትታ እንዴት ትሄዳለች? ገድሉ ልጁን አብሮ በመውሰድ ይመልሰዋል። ፐርፔቱዋ ግን ያ ዕድል አልነበራትም። የእሷ ልጅ በአያቱ እጅ ቀረ፤ ጽሑፉም ስለ እሱ ከዚያ በላይ አይናገርም። ስለዚህ የኢየሉጣን ገድል ስትሰሚ የእናቲቱን ፍርሃት አትዝለዪው። ገድል ጸሐፊው ሆን ብሎ ነው ያስገባው።

እውነት የቱ ነው ላልሽውም አጭሩ መልሴ ይህ ነው። የፐርፔቱዋን ጽሑፍ እንደ ምስክር ቃል አንብቢው። ገድሉን እንደ በዓል ቀን ስብከት ስሚው። አንዱን በሌላው ሚዛን የሚመዝን ሰው ሁለቱንም ያጣቸዋል። ጓደኞቼ መካከል ገድል ሲባል የሚስቁ አሉ። ገድሉ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሁሉ እንደ ቀበሌ መዝገብ የሚከላከሉም አሉ። ከሁለቱም ጋር ቡና እጠጣለሁ፤ ከሁለቱም ጋር አልስማማም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ቅድስት በሰይፍ አልሞተችም። ቅዳሴው እኛ ዘንድ የሚቀደሰው ባስልዮስና ታናሽ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ታላቅ እህት ነበረቻቸው፤ ማክሪና ትባላለች። እጮኛዋ በልጅነቷ ሲሞት ሌላ አላገባም አለች፤ እሱ ሩቅ አገር ሄደ እንጂ አልሞተም፤ ትንሣኤ አለ አለች። ለእናቷ በእጇ እንጀራ ትጋግር ነበር። ባስልዮስ ተምሮ ኮርቶ ሲመለስ ከትዕቢቱ ያወረደችው እሷ ናት። ቤታቸውን ገዳም አደረገችው፤ የነበሩትን ሴት ባሮች ከእናቷ ጋር በአንድ ማዕድ አስቀመጠቻቸው። በረሃብ ዘመን መንገድ ላይ የተጣሉ ሕፃናት አንሥታ አሳደገች። እሷ አልወለደችም፤ እነዚያ ልጆች ግን በቀብሯ ቀን እናታችን እያሉ አለቀሱ። በ379 ስትሞት ጎርጎርዮስ የሚያለብሳት ጥሩ ልብስ ቢጠይቅ ከለበሰችው ሌላ እንደሌላት ነገሩት። ይህን ሁሉ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። እምነቷን ለማወቅ ከፈለግሽ አሟሟቷን ከሚተርከው ክፍል ጀምሪ፤ መጨረሻ ላይ ድምፅ አጥሯት በከንፈሯ ብቻ የምትጸልይበት ቦታ አለ።

የፐርፔቱዋ ጽሑፍ አጭር ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። መግቢያው ስለ አዲስ ትንቢት የሚከራከር ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፤ ዝለዪው። ከምዕራፍ ሦስት ጀምሪ፤ ከማሰሮው። ዐሥረኛውን ስትጨርሺ የሳቱሩስን ራእይ አትለፊው። እዚያ ላይ አንድ ጳጳስና አንድ ቄስ ተጣልተው «አስታርቁን» ብለው በሳቱሩስና በፐርፔቱዋ እግር ሥር ሲወድቁ ታገኛለሽ። ፐርፔቱዋም ለይታ ወስዳ በግሪክኛ ታነጋግራቸዋለች። መግቢያውን ከዚያ በኋላ ተመለሺበት፤ ያን ጊዜ ይገባሻል።